ስዘምር ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ግን ደርቄአለሁ

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሁንም በመዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። ሥራዬ ጥሩ ነው፣ ትዳሬም ሰላም ነው። ምን ጎደለሽ ብባል መልስ የለኝም። ግን ውስጤ ባዶ ነው። ስዘምር ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። ስጸልይ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ኢየሱስ ‹እኔ ከምሰጠው ውኃ የሚጠጣ ሁሉ ግን ለዘላለም አይጠማም› ብሏል። ታዲያ እኔ ለምን እጠማለሁ? እስከ ዛሬ ያመንኩት የውሸት ነበር ማለት ነው? አገልግሎቱንስ ላቁም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ የውሸት እምነት ያልሽውን ነገር እንዝጋው። በጻፍሽው ውስጥ ለዚያ አንድም ማስረጃ አላየሁም። ለይስሙላ የሚያምን ሰው ድርቀቱ እንቅልፍ አይነሳውም። ዝማሬው ካማረና ሰው ካደነቀው በቃው። አንቺን ግን ሰው እያለቀሰ እንኳ አልበቃሽም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አንቺ የናፈቅሽው የምታውቂውን ነው።

ስለ ጥቅሱ ያነሳሽው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ በአንድ አረፍተ ነገር ላልፈው አልፈልግም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ክፈቺና በእርጋታ አንብቢው። ኢየሱስ ከመንገድ ደክሞ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። ቀትር ነው፤ ስድስት ሰዓት ያህል። አንዲት ሳምራዊት ውኃ ልትቀዳ መጣች። ንግግሩ የተጀመረው በማን ጥም ነው? በእርሱ። «ውኃ አጠጪኝ» አላት። ስለማይጠሙ ሰዎች የሚናገረው ራሱ ጠምቶት ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን።

አሁን ደግሞ አንቺ የጠቀስሽውን ቃል እስከ መጨረሻው እናንብበው። «እኔ የምሰጠው ውኃ በእርሱ ውስጥ ለዘላለም ሕይወት የሚፈልቅ የውኃ ምንጭ ይሆናል» ብሎ ነው የጨረሰው። አንድ ጊዜ ጠጥተው የሚረሱት ውኃ አይደለም፤ ምንጭ ነው። ጓሮው ውስጥ ምንጭ ያለው ሰው መጠጣት አያቆምም። የሚያቆመው ውኃ ፍለጋ መንከራተት ነው። ሴትዮዋም መጀመሪያ የተረዳችው አንቺ እንደተረዳሽው ነበር፤ «እንዳልጠማ ውኃም ልቀዳ ወደዚህ እንዳልመጣ ይህን ውኃ ስጠኝ» አለች። ከድካሟ አንድ ጊዜ የሚገላግላት ነገር ፈለገች። ኢየሱስ ግን ወደ ሕይወቷ ገባ፤ ስለ ባሎቿ አነሳ፤ ከዚያ ስለ አምልኮ ተነጋገሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በብዙ ስብከት ላይ ይህች ሴት «ዘማዊት» ተብላ ትቀርባለች። ወንጌሉ እንዲህ አይላትም። አምስት ባሎች ነበሯት፤ ሞተውባት ይሁን ፈትተዋት አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ፍቺ በአብዛኛው በወንዱ እጅ ነበር። ኢየሱስም በዚህ ንግግር ላይ አልገሠጻትም፤ ሕይወቷን እንደሚያውቅ ብቻ ነገራት። ይህን የማነሳው ለአንቺም ስለሚጠቅም ነው። የተጠማ ሰው ሁሉ የበደለ ሰው አይደለም።

ውኃው ምን እንደሆነ ዮሐንስ በምዕራፍ 7 ይነግረናል። ጊዜው የዳስ በዓል ነው። በዚያ በዓል ካህናቱ ከሰሊሆም በወርቅ ዕቃ ውኃ እየቀዱ በመሠዊያው ላይ ያፈስሱ ነበር። ኢየሱስ በበዓሉ የመጨረሻ ታላቅ ቀን ቆሞ «ማንም የተጠማ ቢኖር ወደ እኔ ይምጣና ይጠጣ» ብሎ ጮኸ። ወንጌላዊው ይህን የተናገረው የሚያምኑበት ሊቀበሉት ስላለው ስለ መንፈስ እንደሆነ ያብራራል። እንግዲህ ተስፋ የተሰጠን ስሜት አይደለም። እንባ፣ ሙቀት፣ ደስታ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ አንንቀውም። ውኃው ግን እርሱ አይደለም። ውኃው በሚያምን ሰው ውስጥ የሚኖረው የእግዚአብሔር መንፈስ ነው። መንፈሱ ደግሞ ስሜትሽ በቀዘቀዘ ቁጥር ቤት አይለቅም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። በአንድ ወቅት፣ ምናልባት በጉርምስና፣ ስንጸልይ ልባችን ይሞቅ ነበር። ያ ሙቀት «መንፈሳዊ ሕይወት» የሚባለው ነገር መለኪያ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ለመመለስ ስንታገል እንኖራለን። አንዳንድ መድረኮችም ይህን ያውቃሉ፤ ድምፅ ከፍ፣ መብራት ዝቅ አድርገው ስሜቱን ይሰጡሻል። ሰኞ ጠዋት ግን ያው ነሽ። በግልጽ ልናገር፤ ለደረቀ ሰው ሌላ ሞቅ ያለ ፕሮግራም ማዘዝ ፈውስ አይመስለኝም።

ወደ መዝሙር 42 ልውሰድሽ። በግእዙ አቆጣጠር 41 ነው። «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ፥ አቤቱ፥ እንዲሁ ነፍሴ ወደ አንተ ትናፍቃለች» የሚለው። ይህን መዝሙር ስንት ጊዜ ዘምረሽው ይሆናል። ማን እንደተናገረው ግን አስበሽ ታውቂያለሽ? ርእሱ ላይ የቆሬ ልጆች ይላል። የቆሬ ልጆች በቤተ መቅደስ የሚዘምሩ ሌዋውያን ናቸው። ባለ መዝሙሩ ራሱ፣ በዓል ከሚያደርጉ ሰዎች ጋር በእልልታ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ እንደነበር ያስታውሳል። አሁን ግን ከዚያ ርቆ፣ በዮርዳኖስና በአርሞንዔም ምድር ሆኖ፣ እንባው ምግብ ሆኖታል። ሰዎች ደግሞ «አምላክህ ወዴት ነው?» እያሉ ይወጉታል። ይህ የማያምን ሰው ጥም አይደለም። የዘማሪ ጥም ነው። እህቴ፣ ያንቺው የሥራ ባልደረባ ነው።

ነፍሱን ሲናገራት ደግሞ ስሚው፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ይላታል። በእግዚአብሔር ታመኚ፣ ገና አመሰግነዋለሁና ይላታል። ይህን ቃል በመዝሙር 42 እና 43 ውስጥ ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። የመጀመሪያው ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ባላስፈለገ ነበር። ሦስተኛውን ከተናገረ በኋላም መዝሙሩ ያልቃል፤ ረካሁ ሲል አንሰማውም። «ገና» እንዳለ ይቆያል። እንዲህ ያለ ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ የሚያህሉት የሰቆቃና የአቤቱታ ናቸው። እኛ ግን በአብዛኛው የምስጋናዎቹን ብቻ መርጠን ስለምንዘምር፣ የደረቀ ሰው በጉባኤው ውስጥ የሚናገርበት ቃል ያጣል።

ሌላም አለ። በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 24 ላይ ጥበብ ስትናገር፣ የሚበሏት ገና እንደሚርባቸው፣ የሚጠጧትም ገና እንደሚጠሙ ትናገራለች። ኢየሱስ ደግሞ ወደ እርሱ የሚመጣ ከቶ እንደማይራብ ይናገራል። ተቃራኒ ይመስላሉ። እኔ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ጥሞች የተነገሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ምንም ያላገኘ ሰው ጥም ነው፤ ያቃጥላል፣ ያገኘውን ሁሉ ያስጠጣል። ሌላው የቀመሰ ሰው ጥም ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለዚህ በስፋት አስተምሯል። ምሳሌው ሙሴ ነው። ሙሴ የሚነድደውን ቁጥቋጦ አየ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣ በተራራው ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ብሎ ጠየቀ? «ክብርህን አሳየኝ።» ገና አልጠገበም ነበር። ጎርጎርዮስ እግዚአብሔር ወሰን ስለሌለው እርሱን መፈለግም ማብቂያ የለውም ይላል። በእርሱ ዘንድ እርካታ ማለት ፍላጎት ማለቁ አይደለም፤ ፍላጎት ትክክለኛ አቅጣጫውን መያዙ ነው። ስለዚህ «ጥሜ አልጠፋም» ማለት «አልጠጣሁም» ማለት ላይሆን ይችላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ማባበል ብቻ እንዳይሆን ላንቺ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ። ድርቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው ከሰውነትሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚዘነጋው አስቀድሜዋለሁ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትሽስ? ከጸሎት ውጭ ያሉት ነገሮች፣ ጓደኛ፣ ሳቅ፣ ትወጂው የነበረ ሥራ፣ እነርሱም ደብዝዘውብሻል? ይህ ሁኔታ በአብዛኛው ቀን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ፣ ያቀዘቅዛሉ። ሐኪም ማየት የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ ለባለቤትሽና ለሐኪም ንገሪ።

ሁለተኛው ኤርምያስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 13 የተናገረው ነው። ሕዝቡ ሁለት ክፉ ነገር አደረጉ ይላል፤ የሕያው ውኃ ምንጭ የሆነውን ተዉ፣ ውኃ መያዝ የማይችሉ የተቀደዱ ጕድጓዶችን ለራሳቸው ቆፈሩ። በዚያ አገር ድንጋዩን ፈልፍለውና በልስን ለስነው የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ ነበር። ልስኑ ሲሰነጠቅ ውኃው ይሰርጋል። መቆፈር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከምንጭ መጠጣት ይቀላል። ሰው ግን የራሱን ጕድጓድ ይመርጣል፤ ምክንያቱም በእጁ ያለና የሚቆጣጠረው ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ፍቅር ግንኙነት ስናወራ ይህን ጥቅስ እንጠቅሳለን። ልክ ነው። ነገር ግን ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው አደገኛው ጕድጓድ እነዚህ አይመስሉኝም። አገልግሎት ነው።

በአገልግሎት ውስጥ የሚጠጣ ነገር አለ። «ተባርከናል» መባል አለ። መፈለግ አለ። ድምፅሽ ሲነሳ ጉባኤው ሲነካ ማየት አለ። እነዚህ ክፉ አይደሉም፤ ግን ሌላ ነገር ተክተው ሊቀመጡ ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ምግብ ስታቀርብ ውላ እራት ሳትበላ የምትተኛ አስተናጋጅ አስቢ። ምግቡን ታውቀዋለች፣ ሽታው ልብሷ ላይ አለ፣ ግን አልበላችም። ራስሽን ጠይቂ፤ ከመድረክ ውጭ፣ ልምምድ ሳይሆን፣ ለማንም ሳታዘጋጂ፣ ለራስሽ ብቻ የዘመርሽው መቼ ነው?

ስልኩንም አልረሳሁትም፤ አጭር ነው። ጥም ሲሰማን ሳንጠጣ ማደንዘዝ እንችላለን። ባዶነቱ ብቅ ሲል እጃችን ወደ ስልክ ይሄዳል፣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ ጥሙ ይረሳል፣ አይረካም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሦስተኛው ድርቀት ግን ጥፋትም በሽታም የሌለበት ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የጻፈው የመስቀሉ ዮሐንስ በመባል የሚታወቀው ስፔናዊ መነኩሴ ነው፤ ከ1542 እስከ 1591 እ.ኤ.አ. የኖረ። ድርቀትን ከወንበር ላይ ሆኖ የተነተነ ሰው አይደለም። የገዛ ማኅበሩ ወንድሞች ቶሌዶ ውስጥ በጠባብ ክፍል ወራት አስረውታል፤ ታላላቅ ግጥሞቹን መጻፍ የጀመረውም እዚያ ነው። ይህን ድርቀት የሚለዩ ሦስት ምልክቶች ሰጥቷል። ሰውየው በመንፈሳዊ ነገር ጣዕም አጥቷል፣ ነገር ግን በሌላውም ነገር ጣዕም አላገኘም። እግዚአብሔርን በደንብ እያገለገልኩ አይደለም ብሎ ይጨነቃል። እንደ በፊቱ በሐሳብና በምናብ ማሰላሰል አልሆንልህ ይለዋል። ሦስቱ አብረው ሲገኙ እግዚአብሔር ሰውየውን ከስሜት ጡት እያስጣለው ነው ይላል። ለሰነፍና ከእግዚአብሔር ለራቀ ሰው ግን ሁለተኛው ምልክት አይገኝበትም፤ አይጨነቅም። ያንቺ ደብዳቤ በሁለተኛው ምልክት ተሞልቷል። ግን በደብዳቤ አይወሰንም፤ የመጀመሪያው ምልክት ከድባቴ ጋር ስለሚመሳሰል ነው ሐኪሙን ያስቀደምኩት።

ማዘር ቴሬዛን ደግሞ ዓለም ሁሉ በፈገግታዋ ያውቃታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ፣ በ2007 የግል ደብዳቤዎቿ ታትመው ሲወጡ ብዙ ሰው ደነገጠ። ለአሥርተ ዓመታት፣ በመካከል ከነበረ አጭር ጊዜ በስተቀር፣ የእግዚአብሔር መገኘት አልተሰማትም ነበር። በማኅበሯ ጸሎት ቤቶች ሁሉ ከመስቀሉ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ «ተጠማሁ»። ኢየሱስ በመስቀል ላይ የተናገረው ነው። በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ውኃ የለመነው፣ ምንጭ እሰጣለሁ ያለው፣ እዚያም ጠማው፤ ሆምጣጤ ሰጡት። ክርስትና ስለ ጥም የሚናገረው ከሌሎች የእርካታ ትምህርቶች የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥምሽን ከላይ ሆኖ የሚያይ አምላክ አይደለም ያለሽ። ገብቶበታል። ስለዚህ ደርቀሽ ስትጸልዪ ከእርሱ ርቀሻል ማለት አይቻልም፤ አጠገቡ ቆመሽ ሊሆን ይችላል።

ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። ጸሎትሽን አሳጥሪው፣ እውነተኛም አድርጊው። ሐሳብሽ እየበረረ አንድ ሰዓት ከመንበርከክ አሥር ደቂቃ ይሻላል። መዝሙር 42ን፣ 63ን እና 143ን ተራ በተራ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። «ነፍሴ አንተን ተጠማች» የሚለው ጋ ስትደርሺ ቁሚና በራስሽ ቃል ንገሪው። ምንም አይሰማኝም፣ ተሰላችቻለሁ፣ ተቆጥቻለሁ ማለትም ጸሎት ነው። ስሜት እንዲመጣ አትጠብቂ፤ መጣ አልመጣ ብለሽም አትመርምሪ። የጌታን ማዕድ አትራቂ። እዚያ የሚሰጥሽ ነገር በስሜትሽ ላይ የተመሠረተ አይደለምና ለደረቀ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። የምታውቂው፣ ሆን ብለሽ የያዝሽው ኃጢአት ካለም እርሱን ለካህን ወይም ለመጋቢ ተናዘዢና ጨርሺው፤ ከሌለ ደግሞ ፈልፍለሽ አታውጪ። ለባለቤትሽም ንገሪው። ትዳሬ ሰላም ነው ብለሻል፤ ይህን ሸክም ግን ብቻሽን የተሸከምሽው ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የምመክርሽ አንድ ነገር ኢሳይያስ 58 ውስጥ አለ። ነቢዩ ለተራበው ነፍስህን ብታፈስስ፣ የተጨነቀውን ብታጠግብ፣ እንደሚጠጣ ገነት፣ ውኃውም እንደማያቋርጥ ምንጭ ትሆናለህ ይላል። ምንጭ የሚለው ቃል ይኸው እንደገና መጣ። ማንም የማያይሽ፣ ማንም የማያጨበጭብልሽ አንድ አገልግሎት ፈልጊ። አልጋ ላይ የቀረች አዛውንት ዘንድ ሄዶ ፀጉር ማበጠር ሊሆን ይችላል። በመድረክ ላይ የምትሰጪው ምላሹ ወዲያው በሰው ፊት ላይ ይታይሻል። እዚህ ምላሽ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ለማን እንደምትሠሪ ቶሎ ይገባሻል።

አገልግሎቱን ላቁም ወይ ላልሽው፤ አታቁሚ፣ ዕረፍት ግን ውሰጂ። ለመዘምራን ኃላፊው ሁለት ወር እንደምታርፊ ንገሪው፤ ምክንያቱን ሁሉ መዘርዘር የለብሽም። በእነዚያ ሳምንታት ከሕዝቡ ጋር ተቀመጪ። ዝማሬው ሲመጣ ከፈለግሽ ዘምሪ፣ ካልፈለግሽ ዝም ብለሽ ሌሎቹ ሲዘምሩልሽ ስሚ። ሁለት ወሩ ሲያልቅ ተመለሺ፤ ስሜቱ ባይመለስም ተመለሺ። የቆሬ ልጆችም «ገና አመሰግነዋለሁ» እያሉ ነው የዘመሩት። በዕረፍትሽ ወቅት መድረኩ ብቻ፣ ጭብጨባው ብቻ እንደናፈቀሽ ካየሽ ግን ዕረፍቱን አራዝሚውና ከመጋቢሽ ጋር በዚያ ላይ ተነጋገሪ። የሐኪሙን ቀጠሮ ደግሞ በዚህ ሳምንት ያዢ።